የሬዲዮ ሞገድን መጋራት፦ ለጎንደርና ለዙሪያዋ የትኛው አማራጭ ይሻላል?

ይህ የንጽጽር መመሪያ የተዘጋጀው በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ኢንተርኔትን በተመጣጣኝ ዋጋ ለማዳረስ ለሚያስቡ ሰዎች ነው፤ ለትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ለጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበር ሰብሳቢ፣ ለወረዳ የአይሲቲ ባለሙያ፣ እንዲሁም አነስተኛ ድርጅት ከፍቶ በዚህ ሙያ ለመሰማራት ለሚፈልግ ወጣት። ፋይበር በየመንደሩ መዘርጋት በማይቻልበት፣ የሞባይል ማማ በሌለበት ወይም ኔትወርኩ በደከመበት ቦታ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ ወይም ለሌላ አገልግሎት ተመድቦ ሳይሠራበት የተቀመጠ የሬዲዮ ሞገድን በጋራ ተጠቅሞ ብሮድባንድ (ፈጣን ኢንተርኔት) ማድረስ ይቻላል። ጥያቄው ከብዙዎቹ የመጋሪያ መንገዶች የትኛው ለየትኛው ቦታ ይስማማል የሚለው ነው።

የሬዲዮ ሞገድ በመጠቀም የሚያልቅ ሀብት አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለት አስተላላፊዎች በአንድ ቦታ፣ በአንድ ጊዜና በአንድ ፍሪኩዌንሲ (ሞገዱ በሰከንድ በሚርገበገብበት መጠን) ቢያስተላልፉ ስለሚጠላለፉ፣ መንግሥታት ሞገዱን ከፋፍለው ለተጠቃሚዎች በብቸኝነት ሲሰጡ ኖረዋል። በአገራችን ይህን የሚያስተዳድረው በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በብቸኝነት የመስጠት ችግሩ፣ ፈቃዱ አገር አቀፍ ሲሆን ማማው ግን አገር አቀፍ አለመሆኑ ነው። አንድ ሞገድ ጎንደር ፒያሳ ላይ ቀንና ሌሊት ሲሠራበት፣ ያው ሞገድ ማማ ባልደረሰበት ሸለቆ ውስጥ ጦሙን እንዳደረ ማሳ ይቀመጣል፤ ባለመብቱ አያርሰውም፣ ሌላውም እንዳያርሰው ተከልክሏል። መጋራት የሚባለው አሠራር ይህን ክፍተት የባለመብቱን አገልግሎት ሳይነኩ በሥርዓት ለመጠቀም የታሰበ ነው።

ከአማራጮቹ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች

ከሁሉ አስቀድሞ የመሬቱ አቀማመጥ ይታይ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከጎሃ ኮረብታ ላይ ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ሰው አብዛኛውን ሰፈር በቀጥታ ያያል፤ አንዳንዱ መንደር ደግሞ ከጉብታ ጀርባ ተደብቆ እንደሚቀር በዓይኑ ያረጋግጣል። ወደ ደምቢያ ሲወረድ መሬቱ እስከ ጣና ዳርቻ ድረስ ሜዳ ነው። ወደ ወገራ ሲወጣ ደጋው ይቀጥላል፤ ላይ አርማጭሆ ግን ገደልና ሸለቆ ይበዛበታል። የሬዲዮ መስመር ለሚዘረጋ ባለሙያ እነዚህ ቦታዎች በአንድ ዓይን የሚታዩ አይደሉም፤ ለደምቢያ ሜዳ የሚበጀው መሣሪያ አርማጭሆ ላይ ገንዘብ ማባከኛ ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ በሞገዱ ባሕርይ ላይ ነው። ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ባለ ቁጥር ሞገዱ ቅጠልንና ግድግዳን በተሻለ ሁኔታ ያልፋል፣ በኮረብታ አናት ላይም በመጠኑ ይታጠፋል። ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ብዙ ዳታ የሚሸከም ሰፊ ቻናል ይገኛል። ተመሳሳይ የማጉላት አቅም ባላቸው አንቴናዎች፣ በተመሳሳይ ርቀት ላይ፣ ፍሪኩዌንሲው በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚህ ስሌት በ5.8 ጊጋኸርዝ (አንድ ጊጋኸርዝ 1,000 ሜጋኸርዝ ነው) የሚደርሰው ኃይል በ600 ሜጋኸርዝ ከሚደርሰው መቶኛው እጅ ገደማ ብቻ ነው። ጨረራቸው ጠባብ የሆነ ዲሽ አንቴናዎች ይህን ጉድለት ይሞላሉ፤ ከፊታቸው የቆመን የባሕር ዛፍ ደን ግን ምንም ያህል ቢጠብቡ አያልፉትም።

ሁለተኛው ነገር ተጠቃሚው በእጁ የያዘው መሣሪያ ነው። አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በስልኩ ነው፤ ስልኩ የሚያውቀውም ዋይፋይንና የሞባይል ሞገዶችን ብቻ ነው። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ሞገድ የተመረጠ እንደሆነ ጫፉ ላይ ሌላ መሣሪያ ተገዝቶ፣ ምልክቱ ወደ ዋይፋይ ተለውጦ ለሰው መድረስ አለበት። ብዙ ዕቅድ ሲወጣ ይህ ወጪ ይረሳል።

ሦስተኛው፣ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው፣ ዋናው መስመር ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ሞገድ መጋራት የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች ያረክሳል እንጂ ከፋይበሩ ጫፍ የሚገዛውን የኢንተርኔት አቅም ዋጋ አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በ2018 የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን ያወጣው ግብ፣ የመነሻ ብሮድባንድ አገልግሎት ዋጋ በታዳጊ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ከአንድ ሰው ወርኃዊ አማካይ ገቢ 2 በመቶ በታች እንዲሆን ነበር። ለዚህ ግብ የሚያደርሰው የሬዲዮው ርካሽነት ብቻ አይደለም፤ አንዱን ዋና መስመር ለምን ያህል ሰው ማካፈል ተችሏል የሚለውም እኩል ይወስናል።

አንደኛው አማራጭ፦ ፈቃድ የማይጠይቁ ሞገዶች

መጋራት ሲባል ብዙ ሰው ገና የሚመጣ ነገር ይመስለዋል፤ ነገር ግን በየቤቱና በየካፌው ያለው ዋይፋይ የዓለማችን ትልቁ የሞገድ መጋራት ሥርዓት ነው። ማንም ባለቤት የለውም፤ ሁሉም በተወሰነ የኃይል ጣሪያ ሥር ተራ እየጠበቀ ያስተላልፋል።

ሁለቱ ዋና ዋና የዋይፋይ ሞገዶች ግን እኩል አይደሉም። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ስፋቱ 83.5 ሜጋኸርዝ ብቻ ሲሆን፣ በውስጡ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች ሦስት ናቸው፤ እነሱም በተለምዶ 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ፒያሳ ላይ ካፌ፣ ፋርማሲ፣ ፎቶ ኮፒ ቤትና ሆቴል ጎን ለጎን በተደረደሩበት ሕንፃ ውስጥ ስልክን አውጥቶ የዋይፋይ መቃኛ አፕሊኬሽን የከፈተ ሰው፣ የየቤቱ ራውተር በእነዚህ ቻናሎች ላይ ተነባብሮ ያገኘዋል። የ5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ግን ብዙ እጥፍ ሰፊ ስለሆነ፣ በሁለት ሕንፃዎች ወይም በሁለት ኮረብታዎች መካከል መስመር ለመዘርጋት የሚመረጠው እሱ ነው። በጥሩ ዲሽ አንቴና 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ተሻግሮ በሰከንድ ከመቶ ሜጋ ቢት በላይ ሊያደርስ ይችላል፤ የመሣሪያው ዋጋም ከሁሉም አማራጮች ዝቅተኛው ነው።

ቅድመ ሁኔታው ሁለቱ አንቴናዎች መተያየታቸው ነው፤ መተያየት ሲባልም በዓይን መታየት ብቻ አይበቃም። ሞገዱ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሲጓዝ መሐሉ ላይ ወፈር ይላል፤ ይህ ወፍራም ክፍል የፍሬኔል ዞን ይባላል። በ5.8 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ የ10 ኪሎ ሜትር መስመር፣ አጋማሹ ላይ የዞኑ ሬዲየስ 11 ሜትር ከግማሽ ገደማ ይሆናል፤ ከዚህም ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም ወደ 7 ሜትር የሚጠጋው፣ ከዛፍና ከጣሪያ ነጻ መሆን አለበት። ስለዚህ ዛሬ በዛፎች አናት ላይ ጠርዙን እየታከከ የሚያልፍ መስመር፣ ባሕር ዛፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ሜትር በሚያድግበት አገር አስተማማኝ አይደለም። በክረምት ቅጠሉ ውኃ ሲይዝ ደግሞ መስመሩ ይበልጥ ይደክማል። ዝናቡ ራሱ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚያስቸግረው ውኃ የገባበት የኬብል መጋጠሚያና መብረቅ ነው። ኬብሉ ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ እንዲታጠፍ ማድረግ፣ መጋጠሚያውን በውኃ መከላከያ ቴፕ መጠቅለልና ምሶሶውን ከመሬት ጋር ማገናኘት ጥቂት ብር የሚያስወጡ፣ ነገር ግን የመስመሩን ዕድሜ የሚወስኑ ሥራዎች ናቸው።

የአንቴና አቅጣጫ ማስተካከልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ ምሶሶው ላይ ወጥቶ ብሎኑን ሳያጠብቅ ዲሹን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ሌላው ከታች ሆኖ በስልኩ የሚያነበውን የምልክት ጥንካሬ ይጠራለታል። «ሰባ ስምንት ነው… አሁን ሰባ ሁለት… ቁም፣ እዚያው ላይ!» ይለዋል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምልክቱ ይጠነክራልና። ስህተቱ የሚፈጠረው ልክ እዚህ ላይ ነው። ዲሽ ከዋናው ጨረር ግራና ቀኝ ደካማ የጎን ጨረሮች ስላሉት፣ መጀመሪያ የተገኘው ጥሩ ቁጥር የጎን ጨረር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ ተሻሻለ ተብሎ ብሎን አይጠበቅም፤ አንቴናው ከዚያ ቦታ አልፎ እንዲሄድ ተደርጎ፣ ምልክቱ ወርዶ እንደገና ይወጣ እንደሆነ መታየት አለበት። ከዚያም የተገኘው ቁጥር መሣሪያዎቹ ሲገዙ ከተሰላው ጋር ይመሳከር፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ወይ አቅጣጫው ወይ መስመሩ ላይ ያለው ነገር ችግር አለበት።

ከ5 ጊጋኸርዝ ውስጥ አንዳንዱ ክፍል ከራዳር ጋር የሚጋራ ነው፤ በተለይ ከ5,600 እስከ 5,650 ሜጋኸርዝ ያለው ክፍል የአየር ሁኔታ ራዳሮች ይሠሩበታል። በደንቡ መሠረት የተሠራ መሣሪያ ራዳር ሲሰማ ቻናሉን ለቆ ይወጣል። ተጨማሪ ኃይል ለማግኘት ሲሉ የመሣሪያውን የአገር መምረጫ መቀየርና ይህን ጥበቃ ማጥፋት፣ አዘዞ ላይ አውሮፕላን ማረፊያ ባለበት ከተማ ቀርቶ የትም ቢሆን መደረግ የሌለበት ነው።

በዚህ አማራጭ የተሳካላቸው ማኅበረሰቦች አሉ። በስፔን ካታሎኒያ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ጊፊ ኔት የገጠር መንደሮች ራሳቸው አንቴና እየተከሉ ያስፋፉት ኔትወርክ ነው። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ኬፕ፣ ማንኮሲ በተባለ የገጠር ቀበሌ የተቋቋመው የዘንዘሌኒ ኅብረት ሥራ ማኅበር ደግሞ በነዋሪዎቹ ቤት ጣሪያ ላይ በሶላር የሚሠሩ ጣቢያዎችን ተክሎ፣ በዚያው ሶላር ስልክ ቻርጅ በማድረግ ጭምር ገቢ አግኝቷል። የእነዚህ ሬዲዮዎች የኃይል ፍጆታ ብዙ ጊዜ ከ10 ዋት ስለማይበልጥ፣ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ አነስተኛ ሶላርና ባትሪ ይበቃቸዋል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ይታወቅ፦ ሞገዱ ፈቃድ አይጠይቅም ማለት አገልግሎቱን ለሌላ ሰው መሸጥ ፈቃድ አይጠይቅም ማለት አይደለም። የቴሌኮም አገልግሎት ለሕዝብ ማቅረብ በአዋጁ መሠረት ከባለሥልጣኑ ፈቃድ ይጠይቃል።

ሁለተኛው አማራጭ፦ የቴሌቪዥን ባንድ ክፍተቶች

በእኛ የዓለም ክፍል ከ470 እስከ 694 ሜጋኸርዝ ያለው ሞገድ ለመሬት ላይ የቴሌቪዥን ስርጭት የተመደበ ነው። እያንዳንዱ ቻናል 8 ሜጋኸርዝ ስፋት አለው፤ በአንድ አካባቢም ከቻናሎቹ ብዙዎቹ ባዶ ይሆናሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ብሪታንያ በ2015፣ ደቡብ አፍሪካ በ2018 እነዚህን ባዶ ቻናሎች ለኢንተርኔት የሚፈቅዱ ደንቦችን አውጥተዋል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መሣሪያው ያለበትን ቦታ ለአንድ የመረጃ ቋት ያሳውቃል፣ ቋቱም በዚያ ቦታ የትኛው ቻናል ነጻ እንደሆነና በምን ያህል ኃይል ማስተላለፍ እንደሚቻል ይመልስለታል። በኬፕ ታውን እ.ኤ.አ. በ2013 በዚህ መንገድ አሥር ትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት አግኝተዋል፤ የቴሌቪዥን ተመልካቹም አልተረበሸም። በኬንያ ናንዩኪና በማላዊ ዞምባም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ሙከራዎች ተካሂደዋል።

ለጎንደር ዙሪያ ይህ አማራጭ የሚማርክበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በየጣሪያው ላይ እንደሚታየው ሕዝቡ ቴሌቪዥን በብዛት የሚያየው በዲሽ ከሳተላይት ነው፤ የሳተላይቱ ሞገድ ሌላ ስለሆነ የመሬቱ ባንድ ላይ ሰፊ ክፍት ቦታ እንደሚኖር መጠበቅ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ይህ ሞገድ ባሕር ዛፍን የማለፍና ጉብታን በመጠኑ የመዞር አቅም አለው፤ 5 ጊጋኸርዝ ጨርሶ በማይደርስበት የጉብታ ጀርባ ያለን ትምህርት ቤት ሊያገናኝ ይችላል። ይሁን እንጂ ታምራት አይጠበቅበት፤ ጥልቅ ገደል ውስጥ ላለ መንደር ይህም ሞገድ ቢሆን አፋፉ ላይ የሚቆም መቀባበያ ጣቢያ ያስፈልገዋል።

ድክመቱ ሦስት ቦታ ላይ ነው። ፍጥነቱ የተወሰነ ነው፤ ከአንድ ቻናል የሚገኘው በሰከንድ ከ20 እስከ 30 ሜጋ ቢት ገደማ ሲሆን፣ ያም በጣቢያው ሥር ላሉት ሁሉ የሚከፋፈል ነው። የመሣሪያው ገበያ እንደታሰበው አልሰፋም፤ አምራቾቹ ጥቂት፣ ዋጋውም ከዋይፋይ መሣሪያ ብዙ እጥፍ ነው። ስልክ በቀጥታ ስለማይቀበለው ደግሞ ጫፉ ላይ ዋይፋይ መጨመር ግድ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የመረጃ ቋቱንና ደንቡን የሚያቋቁመው ተቆጣጣሪው አካል ስለሆነ፣ አንድ ትምህርት ቤት ወይም ወረዳ ብቻውን ተነስቶ የሚጀምረው ሥራ አይደለም። በሙከራ ፈቃድ፣ ከዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣምሮ የሚሠራ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ክፍል ያለውና እ.ኤ.አ. በ1954 ከተመሠረተው የጤና ትምህርት ተቋም ጀምሮ ከገጠር ጤና ጣቢያዎች ጋር ሲሠራ የኖረ በመሆኑ፣ ለእንዲህ ያለ ሙከራ ተፈጥሯዊው አስተባባሪ እሱ ነው።

ሦስተኛው አማራጭ፦ ኩባንያዎች ያልሠሩባቸው የሞባይል ሞገዶች

ይህን አማራጭ ከሁሉም በላይ የማምንበት በአንድ ምክንያት ነው፤ መሣሪያው ቀድሞውኑ በሕዝቡ ኪስ ውስጥ አለ። የ800 እና የ1,800 ሜጋኸርዝ ሞገድን የማይቀበል የ4ጂ ስልክ ማግኘት ይከብዳል። አንድ ኩባንያ በማይሠራበት ቀበሌ ያንኑ ሞገድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም አነስተኛ ድርጅት በትንሽ ማማ ላይ ቢያሠራው፣ እናት ከገበያ ስትመለስ ስልኳ ምንም ሳይቀየርበት መሥራት ይጀምራል። በሌሎቹ አማራጮች ሰው ወደ ዋይፋዩ መምጣት አለበት፤ በዚህኛው ኔትወርኩ ሰውየው ወዳለበት ማሳና መንገድ ይሄዳል።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣችው ሥርዓት ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ማንኛውም ሰው የሞባይል ኩባንያ በአንድ አካባቢ የማይጠቀምበትን ሞገድ ለይቶ ለተቆጣጣሪው ያመለክታል፤ ኩባንያው በቅርቡ ልሠራበት ነው የሚል ምክንያታዊ ተቃውሞ ካላቀረበ፣ በ950 ፓውንድ ብዙውን ጊዜ ለ3 ዓመት የሚቆይ የአካባቢ ፈቃድ ይሰጠዋል። በሜክሲኮ ኦሃካ ግዛት ደግሞ ታሌያ ደ ካስትሮ የተባለች ተራራማ መንደር እ.ኤ.አ. በ2013 የራሷን የሞባይል ኔትወርክ አቋቁማለች፤ ከሦስት ዓመት በኋላም የአገሬው ተወላጅ ማኅበረሰቦች የሚያስተዳድሩት ድርጅት ለዚሁ ሥራ ልዩ የሞገድ ፈቃድ አግኝቷል።

አስቸጋሪው ነገር መሣሪያው አይደለም። የሲም ካርድ፣ የጥሪ መገናኛና የደንበኛ ምዝገባ ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ከትልቁ ኩባንያ ጋር የመገናኛ ስምምነትም የግድ ነው። በእኔ እምነት እዚህ አገር የሚያዋጣው መንገድ ከኩባንያው ጋር ተፎካካሪ ሆኖ መቅረብ ሳይሆን በኩባንያው ስም የሚሠራ የአካባቢ አጋር መሆን ነው፦ ሞገዱና ሲሙ የኩባንያው፣ ማማው፣ ሶላሩና ጥገናው የማኅበሩ፣ ገቢው የሁለቱም። ስምምነቱ ውስጥ የማይታለፈው አንቀጽ የመመለሻው ጊዜ ነው። ባለመብቱ ሞገዱን መልሶ ሲፈልገው ስንት ወር አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት? ማማው ላይ የወጣው ገንዘብ ሳይመለስ ልቀቁ ቢባል ማን ይክሳል? ይህ ሳይጻፍ ምሶሶ ባይተከል ይሻላል።

የዚህ የቅርብ ዘመድ ኩባንያዎቹ እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት መጋራት ነው። ኢትዮ ቴሌኮምና እ.ኤ.አ. በ2021 ፈቃድ አግኝቶ በ2022 አገልግሎት የጀመረው ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በአንድ የገጠር ማማ ላይ አንድ ሬዲዮን ለሁለቱም ደንበኞች ቢያሠሩ፣ አንዱ ብቻውን የማያዋጣው ጣቢያ ለሁለቱ ሊያዋጣ ይችላል። ውሳኔው የኩባንያዎቹና የተቆጣጣሪው ስለሆነ ወረዳው መጠየቅ እንጂ መምረጥ አይችልም።

በአጭሩ የሚታለፉት

አሜሪካ ከ3,550 እስከ 3,700 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ላይ የዘረጋችው የሦስት ደረጃ ሥርዓት በዘርፉ ብዙ ይወራለታል። በላይኛው ደረጃ የባሕር ኃይሉ ራዳር፣ በመካከል በጨረታ የገዙ ባለ ፈቃዶች፣ በታች ደግሞ ሌሎቹ ያልያዙትን የሚጠቀም ማንኛውም ሰው አለ፤ የሚያከፋፍለውም ኮምፒውተር ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቶ ሙሉ የንግድ ሥራ በ2020 ተጀምሯል። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የማከፋፈያ ሥርዓቱ ከባድ፣ ሞገዱን የሚቀበሉ ርካሽ ስልኮችም ጥቂት ስለሆኑ ለጎንደር ገጠር ዛሬ የሚመረጥ አይደለም። አዲሱ የ6 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ለሕንፃ ውስጥ ይጠቅማል፣ ለገጠር ግን የተለየ ነገር አይጨምርም። የ60 ጊጋኸርዝ መሣሪያ ሞገዱን ኦክስጅን ራሱ ስለሚውጠው ከአንድ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ለምሳሌ በአንድ ግቢ ውስጥ ባሉ ሕንፃዎች መካከል ብቻ ይሠራል።

የትኛው ለየት?

በከተማዋ ውስጥ፣ ከአራዳ እስከ ማራኪና አዘዞ ባሉ ተቋማት መካከል፣ 5 ጊጋኸርዝ ያለ ብዙ ክርክር ይመረጥ። ከፍታ አለ፣ ፋይበር ቅርብ ነው፣ መሣሪያው ርካሽ ነው። ሕንፃዎች ቶሎ ቶሎ በሚነሡባቸው ሰፈሮች ግን ከፊት ያለው ባዶ ቦታ ላይ ምን ሊሠራ እንደታቀደ ማዘጋጃ ቤት መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አምስት ፎቅ በመስመሩ ላይ ከቆመ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም።

በደምቢያ ሜዳ፣ ቆላ ድባን በመሳሰሉ ከተሞች ዙሪያ፣ 5 ጊጋኸርዝ አሁንም ቀዳሚ ነው፤ ነገር ግን ሜዳ ላይ ከፍታን የሚሰጠው ምሶሶው ብቻ ስለሆነ ከሬዲዮው ይልቅ የምሶሶው ወጪ ያይላል። በረጃጅም ዛፍ የተከበበ ትምህርት ቤት ከሆነ የምሶሶው ዋጋ ከቴሌቪዥን ባንዱ መሣሪያ ዋጋ ጋር ይወዳደር፤ ዛፉ በቁመት እየጨመረ እንደሚሄድም ስሌቱ ውስጥ ይግባ።

በወገራ ደጋ፣ በአምባ ጊዮርጊስ መስመር፣ ሰፋፊ ኮረብታዎች ጥሩ መቀባበያ ይሆናሉ፤ አንድ ጣቢያ ብዙ ቀበሌ ያያል። ስለዚህ ከኩባንያ ጋር የሚደረገው የሞባይል ሞገድ አጋርነት የሚያዋጣው በመጀመሪያ እዚህ ነው። ላይ አርማጭሆ፣ በትክል ድንጋይ አካባቢና ከዚያ በታች፣ ብቻውን የሚበቃ አማራጭ የለም። አፋፉ ድረስ በ5 ጊጋኸርዝ መጥቶ፣ ከአፋፉ ወደ ሸለቆው በዝቅተኛ ሞገድ መውረድ ያስፈልጋል። የቴሌቪዥን ባንዱን የሙከራ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ሙከራውን ከተማ ውስጥ ሳይሆን እዚህ እንዲያደርገው እመክራለሁ፤ የሞገዱ ጥቅም የሚለካው ሌላው ሞገድ በማይደርስበት ቦታ ነውና።

የትኛውም ቢመረጥ፣ በትምህርት ቤቱ ወይም በጤና ጣቢያው አንድ አነስተኛ ሰርቨር ይቀመጥ። የመማሪያ መጻሕፍት፣ የትምህርት ቪዲዮና የሕክምና መመሪያዎች እዚያው ቢጫኑ ዋናው መስመር ላይ የሚወርደው ጭነት በብዙ ይቀንሳል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ የምናስታውስ ሰዎች የዚህ ሰርቨር ጥቅም ከወጪ ቅነሳም እንደሚያልፍ አንስተውም፤ የውጭው መስመር ቢቋረጥም በግቢው ውስጥ ያለው ዋይፋይ ለተማሪው መጽሐፉን ማድረሱን አያቆምም።

ለባለሥልጣኑ የሚጻፈው ማመልከቻ

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አማራጭ የሚፈልግ ተቋም «ኢንተርኔት ይስፋፋልን» የሚል ጥቅል ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ የሚለካ ነገር ያቅርብ። የጣቢያው ቦታ በጂፒኤስ ቁጥር፣ የምሶሶው ቁመት፣ የሚጠየቀው ፍሪኩዌንሲና የኃይል መጠን፣ የሚገለገሉት ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ዝርዝር፣ መሣሪያው የባለሥልጣኑን የቴክኒክ ማረጋገጫ ያለው መሆኑ፣ ጥልፍልፍ ቢፈጠር በየትኛው ስልክ ተደውሎ ማን ወዲያው እንደሚያጠፋው ይጻፍ። ከዚህ ጋር በቦታው ላይ የተደረገ የሞገድ ልኬት ይያያዝ። ልኬቱ በአንድ ቀን ተደርጎ እንዳይበቃ፤ ጠዋትና ማታ፣ በገበያ ቀንና በሌላ ቀን፣ የሚቻል ከሆነም በበጋና በክረምት ተለክቶ፣ ሞገዱ በእርግጥ ባዶ መሆኑ በሰንጠረዥ ይታይ። ማመልከቻው በኩባንያ ሞገድ ላይ ከሆነ ግልባጩ ለኩባንያው አስቀድሞ ይላክ፤ በደብዳቤ ድንገት የሚደርሰው ኩባንያ እንቢ ይላል፣ አስቀድሞ የተማከረው ግን የራሱን የማስፋፊያ ዕቅድ አውጥቶ የትኛውን ቀበሌ በቅርቡ እንደማይደርስበት ሊናገር ይችላል፤ ማመልከቻውም ከዚያው ቀበሌ ይጀምራል።